በጃፓን ሙቀት በእግር፣ እስከ ወይዘሮ ኩሮዳ ደጃፍ

ከአቃቂ መነሳት

ጃፓን ልሄድ መሆኑ የተነገረኝ ሽመና ክፍል ውስጥ፣ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ በሚያደነቁርበት ሰዓት ነው። ፎርማኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ። በሦስተኛው ሰማሁና ክሩም ማሽኑም ሳይታየኝ ዘለልኩ። ለፋብሪካችን አዲስ የጃፓን ማሽኖች ሊገቡ ስለነበር፣ ሁለት ሠራተኞች ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ይሂዱ ተብሎ ነበር። አንዱ መካኒኩ ሰይድ፣ ሌላዋ እኔ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከአቃቂ ርቄ ሄድኩ ብል ናዝሬት ነው።

ደስታዬን ይዤ ቤት ስገባ ግን እንደ ልቤ አልጮህኩም። ታናሽ ወንድሜ ታምሩ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያ በነጻ እርምጃ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተወስዶ በዚያው ቀረ። አስከሬኑን አላገኘንም። ለቅሶ መቀመጥም ጥቁር መልበስም ተከልክለን ነበር። እናቴ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰችም። ስሙ ቤታችን ውስጥ አይነሳም፤ ጎረቤት ሳያስበው ካነሳው ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንባው ውስጧ ቆሞ እየጎዳት መሆኑ ይታየኝ ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ነገር ተመኚ ብትሉኝ፣ እናቴ ስሙን ጠርታ አንድ ቀን እንድታለቅስ ነበር የምለው።

በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ባደረገበት ጠዋት፣ ሻንጣዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። እናቴ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝ። ሳሪስ አቦ ስታልፊ መሳለም እንዳትረሺ፣ ከሰው አገር ምግብ ተጠንቀቂ፣ ሰይድን ከዓይንሽ አታጥፊው አለችኝ። ሰይድ አባቱ ከወሎ መጥተው በጭነት መኪና ሥራ አቃቂ የሰፈሩ፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ነው። ስለ ሰይድ ግን አንድ ነገር ልናገር፦ አላምነውም ነበር። ያኔ የሥራ ባልደረባ የሰማውን ለማን እንደሚያደርስ አይታወቅም፤ ስለዚህ የወንድሜን ነገር በፊቱ ላላነሳ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ቦምቤይ አድረን፣ ሆንግ ኮንግ አውሮፕላን ቀይረን፣ በሦስተኛው ቀን ደረስን። ሰይድ መስኮቱን ለማንም ሳይለቅ ሄደ፤ ደመናውን ከላይ ሲያየው አቃቂ ያን ሁሉ ዝናብ ከየት እንደምታመጣ ገባኝ አለ።

የሽመና ከተማ

የወረድንባት ከተማ ከናጎያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቅ፣ ከየቤቱ የማሽን ድምፅ የሚሰማባት ከተማ ናት። እኛ አገር ክረምት ሆኖ ሹራብ ለብሰን ነበር የተነሳነው፤ እዚያ ሙቀቱ ያፍናል። ሸሚዝ ጠዋት ተለብሶ ቀትር ላይ ይጨመቃል። በየዛፉ ላይ አንድ ዓይነት ነፍሳት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ሰይድ ማሽን የላላ መስሎት መጀመሪያ ቀን ሲፈልግ ነበር።

ስለ ሥልጠናው እዚህ አላሰለቻችሁም። ማሽኖቹ ድንቅ ናቸው፤ ክር ሲበጠስ ራሳቸው ቀጥ ይላሉ። አምስተኛው ሳምንት አልቆ ስድስተኛው ሲጋመስ ፋብሪካው ለበዓል ተዘጋ። በማረፊያችን ሰሌዳ ላይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፦ ለውጭ አገር እንግዶች የእግር ጉብኝት፣ የበጋ ልማዶቻችንን ከአስጎብኚ ጋር ይመልከቱ፣ ክፍያ የለውም። የመጨረሻዋን ቃል ለሰይድ ስተረጉምለት ጫማውን እያሰረ ነበር።

አስር ሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት

አስጎብኚያችን ትንሽ ቢጫ ባንዲራ ከፍ አድርገው ቆመው ነበር። ወይዘሮ ኩሮዳ ይባላሉ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው። እንግዳ ሲያስጎበኙ የመጀመሪያቸው መሆኑን ገና ሰላም ሳይሉን ነገሩን። ከእኛ ሌላ አንዲት የታይላንድ ልጅና ሁለት ፊሊፒናውያን ነበሩ። ሴትዮዋ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች አሰለፉንና ጉዞ ጀመርን።

መጀመሪያ የገባንበት ጠባብ መንገድ ላይ ሴቶች ከየደጃፋቸው ወጥተው መንገዱን በጭልፋ ውሃ ይረጩታል። አቧራው እንዲቀመጥ፣ አየሩም እንዲቀዘቅዝ ነው ተባልን። አቃቂ ሰው ሁሉ ውሃ ከቤት ለማስወጣት ቦይ በሚቆፍርበት ወር፣ እዚህ መንገድ ያጠጣሉ። ለወይዘሮ ኩሮዳ ይህን ስነግራቸው ቆመው ሳቁ፤ ከዚያ ጭልፋ ተቀብለው ሰጡኝ። ውሃውን የአንዲት አሮጊት እግር ላይ ደፋሁት፤ አሮጊቷ ግን ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ።

በየቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ከብርጭቆ የተሠራች ትንሽ ቃጭል ትንጠለጠላለች። ነፋስ ሲነካት ትጮሃለች። ጥቅሟ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ድምፁን ሲሰሙት ሰውነት ይቀዘቅዛል አሉኝ። መቶ ሃምሳ የን ከፍለን ደግሞ የተፋቀ በረዶ በላን፤ እንደ ጥጥ ተከምሮ፣ በላዩ አረንጓዴና ቀይ ሽሮፕ ፈሶበት። የፍልሰታ ጾም ላይ ነበርኩና ወተት የሌለበትን አጣርቼ ወሰድኩ። ሰይድ በቅርቡ ረመዳንን ጨርሶ ስለነበር ሁለት ሳህን አከታትሎ ጨረሰ፣ ከዚያም ግንባሩን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ቅዝቃዜው አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው። ወይዘሮ ኩሮዳ ትንሽ ደንግጠው ሻይ አመጡለት።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ልብስ ቤት

ከዚህ ሁሉ ያበድኩበት ግን ልብሱ ነው። ዩካታ ይሉታል፤ ስስ የጥጥ ቀሚስ፣ ወንዱም ሴቱም የሚለብሰው፣ በወገብ ላይ በሰፊ መቀነት የሚታሰር። ሸማኔ ነኝና እጄ ዝም ብሎ ጨርቁን ይዳስሳል። በውሰት አንድ ሰማያዊ ሰጡኝ። ራሴ ለብሼ ስወጣ ወይዘሮ ኩሮዳ ሮጠው መጥተው ፈቱብኝ። የግራው ጎን ከላይ መሆን አለበት፤ የቀኙ ከላይ ከሆነ የአስከሬን አለባበስ ነው አሉኝ። አልተከፋሁም። እኛም ነጠላ አዘቅዝቀን የምንለብሰው ለለቅሶ ብቻ ነው አልኳቸውና ከቦርሳዬ አውጥቼ እንዴት እንደሚዘቀዘቅ አሳየኋቸው። በጣም ገረማቸው፤ ትንሿን ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።

ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ፣ የወይዘሮ ኩሮዳ ቤት

የጉብኝቱ መጨረሻ የራሳቸው ቤት ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሙና፣ እየሳቁ፣ እንዲህ አሉን፦ "ባለቤቴ በሚያዝያ ነው የሞተው። ዛሬ ማታ እንጠብቀዋለን። ግቡ፣ ግቡ።"

ለሰይድ ተረጎምኩለት። ሁለታችንም ክው አልን። ይህን ሁሉ ሰዓት ከሐዘንተኛ ጋር በረዶ ስንበላና ስንስቅ ቆይተናል። ሰይድ ወዲያው ጫማውን አውልቆ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ። እኔም የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የለቅሶ ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ነጠላዬን በዩካታው ላይ አዘቅዝቄ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያለቀስኩ ገባሁ።

ለወይዘሮ ኩሮዳ ባል ነበር የጀመርኩት፣ እውነቴን ነው። እኚህን የማላውቃቸውን ሰውዬ ሙያቸውንና ደግነታቸውን እየገመትኩ ሙሾ አወረድኩ። ሦስተኛው ቃል ላይ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር። "ታምሩ" አልኩ። "ወንድሜ ታምሩ።" ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠራሁትን ስም አንዴ ከጠራሁት በኋላ ማቆም አልቻልኩም። በጉልበቴ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፊሊፒናውያኑ ግድግዳ ይዘው ቆሙ፣ የታይላንዷ ልጅም ማልቀስ ጀመረች።

ቀና ስል ቤቱ ጨርሶ የለቅሶ ቤት አይመስልም። አበባ አለ፣ ፍራፍሬ ተደርድሯል፣ ፋኖስ በርቷል። መደርደሪያ ላይ እንጨት እንደ እግር የተሰካባቸው አንድ ኪያርና አንድ ደበርጃን፣ ያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው አትክልት፣ ቆመዋል። ወይዘሮ ኩሮዳ አጠገቤ ተንበርክከው እጄን ያዙኝ። ዛሬ እንደማይለቀስ ቀስ ብለው አስረዱኝ። በዚህ ሰሞን ሙታን ሁሉ ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፤ ኪያሩ ፈረስ ነው፣ ቶሎ እንዲያደርሳቸው። ደበርጃኑ ላም ነው፣ ሲመለሱ ቀስ እያለች እንድትወስዳቸው። ደጅ ላይ እሳት የሚነደው መንገዱ እንዳይጠፋባቸው ነው። የሚመጣ ሰው በእንባ አይቀበሉትም፤ እንባው ለሽኝቱ ቀን ይቆያል።

አፈርኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ታምሩ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰይድ አጠገባችን ተቀምጧል፤ እንግሊዝኛው ትንሽ ቢሆንም ይህን ያህል ይሰማል። ያም ሆኖ ነገርኳቸው። መቃብሩን እንኳ አናውቀውም፣ ስለዚህ የምንሄድበት የለንም አልኳቸው።

"ወደ መቃብር አይደለም እኮ የሚመጡት" አሉ። "ወደ ቤት ነው። መቃብሩን አንቺ ባታውቂውም፣ እሱ ቤቱን ያውቀዋል።"

ደጃፍ ወጥተን ደረቅ ጭራሮ በሸክላ ሳህን ላይ አነደዱ። ለታምሩ ጨምሪበት ብለው ጭራሮ ሰጡኝ፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ወንድሜ አቃቂ ነው፣ ይህን መንገድ አያውቀውም አልኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ እንግዲያው ስትመለሺ በራስሽ ደጅ አንድጂለት አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዓይኔ እንዳበጠ ወደ ሰፈሩ ቤተ መቅደስ ሜዳ ወስደው ጭፈራ ውስጥ ከተቱኝ። በእንጨት ማማ ላይ ትልቅ ከበሮ ይመታል፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም ክብ ሠርቶ፣ እጁን እያነሳና እያወረደ ይዞራል። ሁለት ዙር አጥንቼ በሦስተኛው ትከሻዬን ጣል ጣል ሳደርግበት ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ይቀዱኝ ጀመር። በዕድሜዬ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ ሐዘኑና ደስታው አንድ ላይ መሆን መቻላቸው ራሱ አስደሰተኝ።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ፣ የሰማውን ለማን ያደርስ ይሆን እያልኩ ሰይድን በጎን አየው ነበር። በመጨረሻ "የጉብኝቱን ሪፖርት እኔ እጽፋለሁ" አለኝ። "የበረዶውንና የራስ ምታቱን። ሌላ ያየሁትም የሰማሁትም የለም።" ቀጥሎ ኪያሩ የአባቱን መኪና እንደሚያስታውሰው ነገረኝ፤ ወደ ቤት ሲሆን ይበራል፣ ወደ ሥራ ሲሆን አይነሳም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድን አምነዋለሁ።

ቡሄ ዋዜማ፣ አቃቂ

ከዚያ ምሽት በአምስተኛው ቀን ቦሌ አረፍን። የፋብሪካው መኪና ተልኮልን ነበር። ሳሪስን አልፈን ቃሊቲ ስንደርስ መንገድ ዳር ችቦ ታስሮ ይሸጣል። የቡሄ ዋዜማ መሆኑን ለካ ጨርሶ ረስቼዋለሁ! ሹፌሩን አቁም ብዬ ጮህኩ። ሰይድ ቀድሞኝ ወርዶ ሁለት እስር ችቦ ገዝቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እስላም ችቦ ሲገዛ ታይቶ እንደማያውቅ ሹፌሩ ሲቀልድበት፣ የጃፓን በዓል ነው ብሎ መለሰለት።

እናቴ ችቦውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ታምሩ ከቀረ ወዲህ ቤታችን ችቦ በርቶ አያውቅም፤ የሚያበራው እሱ ነበር። እኔ ግን ከኪያሩ ፈረስ ጀመርኩላት። ጥቂት ፈገግ አለች። ስለ ሴትዮዋ፣ ሞተው ስለሚመጡት ባላቸው፣ ደጃፍ ላይ ስለሚነደው እሳት ነገርኳት። መጨረሻ ላይ መቃብሩን ባናውቀውም እሱ ቤቱን ያውቀዋል የሚለውን ነገርኳት። ተነሳች። ወደ ጓዳ ገባች። አበላሸሁት ብዬ ተቀመጥኩ። በአንድ እጇ ክብሪት፣ በሌላው የላምባ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች።

ስለ ማሽኖቹ ለፋብሪካው በዝርዝር ጽፌያለሁ፤ ፈልጎ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ ሁሉ መንገድ ለራሴ የተማርኩት ግን ለሞተብን ሰው በር ከፍቶ መጠበቅ እንደሚቻል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ገና እየመሸ ነበር። ካፊያው ቆሞ ነበር፤ በየደጁ ችቦ ይበራል፣ የእኛንም እናቴ ለኮሰችው። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ በደጃችን ሲያልፍ፣ ቆም ብሎ እንኳን አደረሳችሁ አለን። እናቴም እንኳን አብሮ አደረሰን አለችው። እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ችቦውን ከፍ አድርጋ ወደ መንገዱ ዞረች።

"ታምሩ" አለች። "ና ግባ ልጄ፣ እዚህ ነን።"

እናቴ ያን ምሽት አለቀሰች። እኔም ዝም በይ አላልኳትም።