አብሾ ያልጠጡት የኔታ

ልጄ ሰሞኑን ከፋርማሲ አንድ ብልቃጥ እንክብል ገዝታ አመጣችልኝ። «አባ፣ መርሳት ጀምረዋል። ይኼ ከዛፍ ቅጠል የተሠራ ነው፤ ደም ወደ ጭንቅላት ያደርሳል» አለችኝ። አንዷን ሰብሬ አሸተትኋት። የደረቀ ቅጠል ከረፋኝ። ወዲያው አብሾ ትዝ አለኝ፤ ከአብሾ ጋር የልጅነት መምህሬ የኔታ ፈንታ መጡብኝ፤ ንዴቴም አብሮ መጣ።

የኔታ በደርግ ጊዜ ጣና ዳር፣ ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ያስተምሩን ነበር። ተማሪዎቹ የሚያድሩባቸው ጎጆዎች ከጎኑ ነበሩ። የየኔታ ለምድ ጢስ ጢስ ይላል። ዳዊትን መጽሐፍ ሳይገልጡ ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል። ሰው ግን «አብሾ ጠጥተው ነው» ይል ነበር። አብሾ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው የሚጠጣው ቅጠል ነው፤ የጠጣው ሰው ሲቆጣ ይነሣበትና ያብዳል ይባላል። እሳቸው እኮ በየአጥሩ ሥር የበቀለውን እየነቀሉ የሚጥሉ ሰው ነበሩ! ከመንቀል ብዛት እጃቸው እሱን እሱን ሸተተ፤ ይኸው ሽታ ለሐሜተኛ ማስረጃ ሆነው። በማለዳ ሐይቁ ዳር አቁመው ሲያስደግሙን «የኔ አብሾ ይኼ ብርድ ነው» ይሉን ነበር።

አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ጎጆዎቹ ፈርሰው መጋዘን ይሠራበታል አለ። የኔታ ተነሡ።

«አንተ ጓድ፣ በመስቀል ማግሥት እዚሁ ቆመህ ምን አልህ? ‹የልጆቹን ጎጆ አንነካም፤ ድሃ የሚማርበት ነው› አላልህም?»

ቃሉን አንዲት ሳያጎድሉ መለሱለት። ድምፃቸውም ከፍ አለ። ካድሬው ፈገግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ጓዶች፣ አባታችን አብሾው ተነሣባቸው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ካድሬው አይደለም። ካድሬ ካድሬ ነው። በመስቀል ማግሥት ያ ሁሉ ሰው እዚያው ነበረ፤ እኔም ከአባቴ ጎን ቆሜ ሰምቻለሁ። «እውነታቸውን ነው፣ ብለሃል» የሚል አንድ ወንድ ጠፋ! አባቴም መሬት መሬቱን አየ።

በሳምንቱ ጎጆዎቹ ፈረሱ። የኔታ ለምዳቸውን ደርበው በሐሙሲት መንገድ ሄዱ፤ አልተመለሱም። እኔም ዳዊት ሳልጨርስ ቀረሁ። ይችንም የምጽፋት ፊደል እየለቀምሁ ነው።

«አባ፣ ይዋጡት እንጂ» አለች ልጄ።

አልዋጥሁትም። መነጽሬን የት እንዳኖርሁ እረሳለሁ፤ ትናንት የበላሁትንም እረሳለሁ። ይረሳ! ያችን የካድሬውን የመስቀል ማግሥት ቃል ግን እንደሰማኋት ይዣታለሁ። ልጄን ከፊቴ አቁሜ አስደገምኋት። ‹ድሃ የሚማርበት ነው› የሚለውን ዘለለችው።

«ከመጀመሪያው» አልኋት።