እናቴ ከቅርጫ የወጣችበት ፋሲካ

ሐረር ውስጥ ሚያዝያ ሲገባ ሰው ሁሉ ደግ የሆነ ይመስላል። የበልጉ ዝናብ የጀጎልን ግንብ ያጥበዋል፣ ፈረስ መጋላ በዶሮና በቅቤ ገበያ ይጨናነቃል፣ ከግንቡ ውጭ ያለነው ክርስቲያኖች ደግሞ ሁዳዴ ሊፈታ ነው እያልን ምራቃችንን ስንውጥ እንሰነብታለን። ሆሳዕና ዘንባባ፣ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፣ ስቅለት ስግደት፣ ፋሲካ ቅርጫ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ ሠርግ። ደግ ሰሞን ነው ይላሉ። ይበሉ! እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ሰሞን ሲመጣ ሰው አላስጠጋም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቢሆን ነው። አያቴ ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ አባቴ ሞቶ እናቴ እኔን ብቻ ይዛ ቀርታለች። እኔ ታጭቻለሁ። ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። አባት ለሌላት ልጅ የሰፈራችን ደህና ቤተሰብ ልጅ ማግባት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

እናቴ ጀጎል ውስጥ አንዲት የሐረሪ ወዳጅ ነበረቻት። ስፌት ያስተማረቻት እሷ ናት። እጃቸው ስንደዶ እየያዘ አፋቸው ሰው ሲያማ ይውላል፤ ሲስቁ ከውጭ ይሰማል። ሴትዮዋ እኔን «ልጄ» ነበር የምትለኝ። እንግዲህ ሁዳዴ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ያቺ ሴት አንድ ልጇ ሞተባት። ጎረምሳ ነበር፤ ታሞ ሳይሰነብት ነው የሄደው።

እናቴ በየቀኑ ለቅሶ ትደርስ ጀመር። ሴትዮዋ ግን እህል አልቀምስም አለች። ዘመዶቿ ለመኑ፣ ሼኩ መከሩ፣ «የአላህ ሥራ ነው፣ ሰብር አድርጊ» ተባለች፤ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን እናቴ ከቀረበው ሩዝና ሥጋ ጠቅልላ እጇን ዘረጋችላት።

«በሞቴ!» አለቻት።

«ሞት በዝቶብኛል፣ ያንቺን አትጨምሪብኝ» አለች ያቺ ሴት። «አንቺ ካልበላሽ አልበላም፣ ወላሂ!»

እናቴ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። አላምጣ ዋጠችው። ሁለተኛውን ስታጎርሳት ያቺ ሴት በላች። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለበትም።

እኛ ሰፈር ግን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከእስላሞቹ ጋር አንድ ገበያ እንውላለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ እሳት እንጫጫራለን፤ ቢላዋው ላይ ሲደረስ እንለያያለን። የእስላም ሥጋ የበላ ክርስቲያን ማተቡን እንደበጠሰ ይቆጠራል። እናቴም ይህን ስለምታውቅ በማግስቱ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ተናገረች። ስግደት ሰጧት፣ ሰገደች፣ «እግዜር ይፍታሽ» አሏት። አለቀ ብላ ተቀመጠች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ለቅሶው ላይ አብራት የሄደችው የማርያም ማኅበርተኛዋ ከበሩ ጥግ ተቀምጣ ስታጎርስም ስትጎርስም አይታት ነበር። ይህች ሴት ሁዳዴን ሙሉ ከእናቴ ጋር አስቀደሰች፣ አብራት ሰገደች፣ የሠርጌን ብቅል ሳይቀር አብራ አሰጣች። ጉድ እኮ ነው! ቅዳም ሹር ዕለት ቄጤማ ራሷ ላይ አስራ ሄዳ ለባሻ ነገረቻቸው።

ባሻ የቅርጫው ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር። «እሳቸው» የምለው ከልቤ አይደለም፣ አፌ ስለለመደ ነው። ከድሬ ጠያራ መንደር ገበሬ በሬውን ተከራክረው የሚገዙት እሳቸው፣ ሲበለትም ከላይ የሚቆሙት እሳቸው።

የቅርጫ ደንብ የታወቀ ነው። ሥጋው ከሁሉም ብልት እኩል እየተደረገ በቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ጠጠር። ድልድሉን ያላየ ሰው ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል፤ ምልክትህ የወደቀበት ያንተ ነው። ሀብታም ሆንክ ድሃ እዚያ ላይ እኩል ነህ። እናቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ የምትሰጠው የወታደር ልብሱን የነሐስ ቁልፍ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋትም ነጭ ለብሳ፣ ትሪዋን ይዛ፣ እኔን አስከትላ ሄደችና ቁልፉን ሰጠች። ባሻ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ጭቃው ላይ ጣሉት።

«ይቺ ከዕጣ ውጭ ናት» አሉ።

እናቴ የቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። «ምነው ባሻ? ምን አጠፋሁ?»

«የእስላም ሥጋ የጣመው አፍ የክርስቲያን ምን ያደርግለታል?»

ሰዉ ሳቀ። በፋሲካ ማለዳ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ባሉበት አፍ ሳቁ። አንዱ ቢላዋውን እየሳለ «ጀጎል ግቢና ተቃረጪ!» አላት። ባሻ ደግሞ በእግራቸው ጠቆሟት፤ ሳንባና ሸሆና ያለ ቅጠል መሬት ላይ ተከምሮ ውሻ እያሸተተው ነበር። «ድርሻሽ ያውልሽ፣ ቶሎ አንሺ፣ ተሻሚ መጥቶብሻል» አሉ። እንደገና ሳቁ። እናቴ ባዶ ትሪዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ከጭቃው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቀና ስል የእጮኛዬ አባት ከተቃራጮቹ መካከል ቆመው አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ወደ በሬው ራስ መለሱ።

ከሰዓት የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩብን። በፋሲካ! እግዜር ይይላቸው። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ወይ እናትየዋ በሰው ፊት ቄደር ተጠምቃ፣ ያቺን የጀጎል ወዳጇን ዳግም ላታውቃት ትማል፤ ወይ ጋብቻው ይፍረስ። ቄደር እኮ ሃይማኖቱን የካደ ሰው ሲመለስ የሚጠመቀው ነው። እግዜር የፈታውን ባሻ አሰሩት።

«ይቅር እማዬ» አልኳት ሽማግሎቹ ሲወጡ። «አላገባም። ገደል ይግቡ!»

«ዝም በይ!» አለችኝ። «የፈረሰባትን ልጅ ማን ያገባታል? እኔ ነገ ብሞት ማን ቤት ልትገረጂ ነው?»

እውነቷን ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሰፈሩ ሁሉ ትርዒት ሊያይ እንደመጣ ተሰበሰበ። አጥር ላይ የወጡም ነበሩ። ውሃው ሲፈስባት ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣበቀ። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ ባሻ መሐላዋን አስታወሱ። «ደጇን አልረግጥም፣ ደጄን አትረግጥም፣ አላውቃትም» እያለች ከአፋቸው እየተቀበለች ማለች። ፎጣ ይዛ ቀርባ ያደራረቀቻት ማን ትመስላችኋለች? ያችው ማኅበርተኛዋ። «እኔ እኮ ለነፍስሽ ብዬ ነው» አለቻት።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞላ፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ቁርጥ ተሰቀለ። ባሻ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጠው ይቆርጣሉ። እኔ ተሸፍኜ ከሙሽራው ጎን ነኝ። በድንገት ጫጫታው በረድ ሲል ሻሼን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ያቺ የጀጎሏ ሴት ዳሱ በር ላይ ቆማለች።

ማን ይንገራት? እናቴ ደጇን እንዳትረግጥ ምላለች፤ እኔንም ከቤት የሚያስወጣኝ አልነበረም። ልጇን የቀበረች ሴት እንባዋን እየጠረገች የሰፋችውን ትልቅ ባለቀለም ሞሰብ ተሸክማ መጣች። አንድ ደስታ ቀርቶኛል ብላ ነው የመጣችው።

«ይቺ ማናት?» አሉ ባሻ፣ ቢላዋቸውን አቁመው። ማን እንደሆነች የማያውቅ ዳሱ ውስጥ አልነበረም።

«አላውቃትም» አለች እናቴ።

ያቺ ሴት ሳቀች። የድሮው ጨዋታቸው መስሏታል። «አይዞሽ፣ ሥጋሽን ልሻማ አልመጣሁም። ልጄን ስሜ እሄዳለሁ።»

የሙሽራው አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። «አላውቅሽም አልኩሽ! ከደጄ ሂጂ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ሴትዮዋ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ሞሰቡን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ኸይር ይሁን» አለችና ሄደች። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ የሙሽራው አባት። ባሻም «ስፌቱ ምን አደረገ? ይግባ» አሉ። ድፎ ዳቦው በሱ ቀረበ፣ እየቆረሱም በሉ። ሥጋዋ ያረክሳል፣ ስፌቷ አያረክስም። አይ የሰው ልጅ!

መውጫዬ ሲደርስ እንደ ደንቡ እናቴ ጉልበት ላይ ወደቅኩ። ሙሽራ ያለ ምርቃት ከእናቷ ቤት አትወጣም። «መርቂኝ እማዬ» አልኳት። ሚዜዎቹ መሸብን እያሉ ይጎተጉቱኛል። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣

«አሁን እሷን ያባረርኩበት አፍ ነው፣ ልጄ። በዚህ አንቺን አልመርቅሽም» አለችኝ።

ጉልበቷን ጨብጬ አለቅም አልኩ። ሰዉ እናትና ልጅ መለያየት ከብዷቸው ነው ብሎ አለቀሰልን። በመጨረሻ ባሻ እጃቸውን በጠረጴዛው ጨርቅ ጠራርገው ተነሱ። «አባት የላትም፣ እኔ አለሁላት» አሉ። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ አይጉደል!»

ዳሱ ሙሉ «አሜን» አለ።

«አሜን በይ እንጂ!» አለችኝ አንዷ ከኋላ እየገፋችኝ። አልኩ።