ጉበቴን ጀርመን ላይ ሲተኩሱት

ከቡሬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን አልብሰውኝ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝና "በል እንግዲህ፣ ስትደርስ ድምፅህን አሰማኝ" አሉኝ። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን አልፌ ድምፄን ሳሰማቸው ዓመት አልፎ ነበር።

ጀርመን እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ ሰዉ ደግ ነው፤ ግን ደግነቱም ቀጠሮ ይፈልጋል። በርበሬያቸው ቀለም ብቻ ነው፤ የቡሬን በርበሬ የለመደ ምላስ ይታዘባቸዋል። አከራዬ ፍራው ሄልጋ ሽሮ ስሠራ "መስኮት ክፈት" ትለኛለች፤ ስከፍት ደግሞ "ማሞቂያው እየበራ መስኮት ይከፈታል?" ብላ ትቆጣለች። "እሜቴ፣ አንዱን ይምረጡ እንጅ!" አልኋት በአማርኛ።

ቀኝ ጎኔን ሲያመኝ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ሆዴ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ሊቢያ ውስጥ ነው ያቃጠሉህ?" አለኝ በአስተርጓሚ።

"አይደለም፤ አባቴ ናቸው።"

አስተርጓሚዋ ደንግጣ ሳትተረጉም ወደ እኔ ዞረች።

"ተቆጥተው ሳይሆን ወደውኝ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የወፍ በሽታ ይዞኝ ዓይኔ ቢጫ ሲሆን በጋለ ብረት አስተኮሱኝ" ብዬ አስረዳሁ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ግን ጉበቴ ላይ ካንሰር እንዳለ ነገረኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "መርፌ አስገብተን በሙቀት እናቃጥለዋለን።" ሳቅሁ። እንደዚያ ፈርቼ እንኳ ሳቄን መግታት አቃተኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው ደስ አላቸው። "ተኩስ ነዋ! ታዲያ ለዚህ ጀርመን ድረስ ምን አስኬደህ?" ከታከምሁ ወዲህማ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጀ ተተኩሶ ዳነ" እያሉ ነው። በእኛ አገር የተተኮሰ በቃ ተተኮሰ፤ ተመለስና ልይህ የሚል የለም። እዚህ ግን በየጊዜው እየጠሩ ጉበቴን ፎቶ ያነሱታል።

ባለፈው ፎቶ ላይ ከተቃጠለው ቦታ ጠርዝ አዲስ እባጭ ታየ። ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ስለሆነ፣ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን አብርዶት ጥቂት ሳይቃጠል ቀርቷል። "እንደገና እናቃጥላለን፤ እንደማይመለስ ግን ቃል አልገባልህም" አለኝ ሐኪሙ ፊት ለፊት። አገሬ ቢሆን ለዘመድ ነበር የሚነገረው፤ እዚህ ዘመዱም በሽተኛውም እኔው ነኝ።

ለአባቴ እንዴት ልንገራቸው? ደጋግሜ እየደወልሁ ስለ በቆሎው ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። እሑድ ዕለት ግን ከድምፄ አወቁብኝ።

"ምነው ልጀ? የደበቅኸኝ ነገር አለ።"

"ተመለሰ፣ አባባ። ወንዝ ዳር ያለ እርጥብ ሣር እሳት እንደማይበላው፣ ጥጉ ሳይቃጠል ቀርቶ ነው።"

 ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥተው ስለነበር የነፋሱ ድምፅ ይሰማኛል።

"ሲተኩሱህ ማን ያዘህ?" አሉኝ።

"ማንም። በመድኃኒት አስተኝተውኝ ነው።"

"ያን ጊዜ እኮ እኔ ነበርሁ ጭኔ ላይ አድርጌ የያዝሁህ። ብትንፈራገጥም አለቀቅሁህ።" አሉኝና ቀጠሉ። "አሁን ደግሞ መቼ ነው?"

"ሐሙስ ጠዋት።"

"እንግዲያስ ሐሙስ እዚሁ ጉብታው ላይ ነኝ። ደውልልኝና እንቅልፍ እስኪወስድህ ድረስ እንዳትዘጋው። እይዝሃለሁ።"

ስልክ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ ልነግራቸው አልቻልሁም። "እሽ አባባ" አልኋቸው።