አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው ሰው

አንድ ነገር ያስተማራችሁ ሰው፣ ያንኑ ነገር በሰው ፊት ክዶባችሁ ያውቃል?

ወገዳ የምትባል የገጠር ከተማ በመምህርነት ስመደብ ቤት የተከራየሁት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ነበር። ጠዋት ጠዋት እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ቡድሂስቶች አእምሮን የሚያረጋጉበት ዘዴ ነው አለኝ፤ ከስልኩ ነው የተማረው። ደረጃው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ትንፋሽን እስከ አሥር መቁጠር፤ ሐሳብ ሲሸሽ ሳይቆጡ መመለስ፤ ሲለመድ ግን አእምሮ ያለ ድካም በራሱ ይረጋል። እኔ ከአራት አላልፍም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ልታርመው ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

አከራያችን አይታን ኖሮ ወሬው የሁለታችንም ንስሐ አባት ጋ ደረሰ። ከቤተሰቤ ርቄ ስኖር አባት የምላቸው እሳቸውን ነው፤ እሳቸው ከተዉኝ ሰው የለኝም። ቅዳሜ ዕለት መጥተው ደጃፋችን ላይ ቆሙ።

«ለጣዖት ትሰግዳላችሁ አሉ። እውነት ነው?»

ባልደረባዬ ቀደመኝ። «እኔ የለሁበትም አባቴ። እሱ ነው። ተው ስለው እንቢ አለኝ።»

ዞር ብዬ አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

«አንተስ?»

«የምሰግደውስ ቤተ ክርስቲያን ነው አባቴ። እዚህ ትንፋሼን ብቻ ነው የምቆጥረው።»

እሱን መስቀል አሳልመው ሄዱ። እኔን አላሳለሙኝም።

ሰኞ ማለዳ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ የጫማ ክር። እንደገና አንድ፣ የጫማ ክር። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ከጓሯችን ባለው አውድማ ገብስ ይወቃ ነበር። ገበሬው መጀመሪያ በሬዎቹ ላይ ሲጮህ ቆየ፤ ዙሩን ከያዙ በኋላ ግን ዝም አለ። እነሱ መዞራቸውን አልተዉም። እኔም መቁጠሩን ተውኩት። ንዴቴ እዚያው ነበር፤ አላባረርኩትም፣ አልተከተልኩትም። ሐሳቤ ትንፋሼ ላይ ሳልይዘው ቆየ።

ተነሥቼ ንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። ያስተማረኝን ሰው ለማጋለጥ ነበር ያሰብኩት፤ ስደርስ አላስፈለገኝም።

«አሁንም ትቆጥራለህ?» አሉኝ።

«አሁንስ ሳልቆጥርም ሆኖልኛል አባቴ። ከፈለጉ መጥተው ይዩኝ።»

«ኑና እዩኝ የሚል ሰው የሚደብቀው ጣዖት የለውም» አሉና መስቀሉን ዘረጉልኝ።

ባልደረባዬ በዚያው ሳምንት ሌላ ቤት ተከራየ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም። በአስተማሪዎች ክፍል ስንገናኝ ዛሬም ዓይኔ ወደ ጫማው ክር ይሄዳል።

እናንተም የከዳችሁ ሰው ካለ ነገ ጠዋት ሞክሩት። ቁጭ በሉና እስከ አሥር ቁጠሩ። ፊቱ ሲመጣባችሁ አትግፉት። ከዚያ መቁጠሩን ተዉት፤ ምን እንደሚቀር እዩ።