ማቴዎስና የሙቀት ጌጁ

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ማቴዎስን የማያውቅ ሾፌር የለም። ስሙን ባያውቁት እንኳ መኪናውን ያውቋታል። ነጭ፣ ሰፊ፣ የቆዳ ወንበር ያላት፣ በደህናው ዘመኗ የውጭ አገር እንግዳና አለቃ ብቻ ይሳፈርባት የነበረች ቪኤይት ናት። ዛሬ ቀለሟ ደብዝዟል፤ የወንበሯ ስፌትም እዚህም እዚያም ተተርትሯል። እንዲያም ሆኖ ለሰርግ አበባ ጣል ሲደረግባት ዕድሜዋን መደበቅ ታውቅበታለች። መደበቅ ያልቻለችው አንድ ዐመል ብቻ ነው፤ ቤንዚን ትጠጣለች። ሾፌሮቹ "የማቴዎስ መኪና በማደያ በር ስታልፍ እንኳ ይጠማታል" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ የጥርስ ሳቅ።

ማቴዎስ ፈሪ ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ሰው አይፈራም፣ ጨለማ አይፈራም፣ በጭጋግ ውስጥ ገደል እየታከከ ሲነዳም አይደነግጥም። የሚፈራው ከመሪው ፊት ለፊት ያለችውን፣ የሞተሩን ሙቀት የምትናገረውን ትንሽ ጌጅ ነው። ሌላው ሾፌር መንገዱን እያየ አልፎ አልፎ ጌጁን ያያል። እሱ ግን ጌጁን እያየ አልፎ አልፎ መንገዱን ያያል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ይህችኑ መኪና ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ይነዳ በነበረበት ዘመን፣ ሚስቱ ሮማን ዲላ አቅራቢያ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ሄዳ በድንገት ታመመች። አለቃውን አስፈቅዶ ሊያመጣት ሄደ። አንዲት ልጃቸው ሄራን ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከኋላ ወንበር ላይ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ሞተሩ ፈላ። ማቴዎስ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሮጠ፣ አፈሰሰ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ደግሞ አፈሰሰ። በመጨረሻ ኮፈኑን ዘግቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ሮማን በሕይወት አልነበረችም። መኪናዋን የፈተሸው መካኒክ ጥፋቱን ቴርሞስታት ላይ አገኘው። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዳ ይዛ፣ ሲሞቅ የምትለቅ ትንሽ በር ናት። ተጣብቃ አልከፈትም ብላ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመዳፍ የምትያዘው ብረት ለማቴዎስ የሚስቱ ገዳይ ሆነች።

ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ መኪናዋን በጨረታ ሲሸጥ የገዛት እሱ ነው። "ምነው፣ ሮማን የሞተችባትን?" ሲሉት "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ይላል። በገዛት ማግስት ጋራዥ ወስዶ ቴርሞስታቷን አስወለቀና በገዛ እጁ ቆሻሻ ውስጥ ወረወራት። ይህን የሚያደርግ እሱ ብቻ አይደለም፤ ቆላ ለቆላ የሚነዳ ሾፌር ሁሉ "ለዚህ ሙቀት ምን ያደርጋል?" እያለ ያስወልቃል። ከዚያ ወዲህ የጌጁ መርፌ ከታች ተኝታ ቀረች። ማቴዎስ እፎይ አለ። መኪናዋም መጠጧን ጀመረች።

አሁን ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። ሄራን አድጋ፣ ተምራ፣ ሀገረ ሰላም አስተማሪ ሆናለች። ባሏ ፊልሞን ለሥራ ሞያሌ ወርዷል፤ እሷ ነፍሰ ጡር ናት። አዋላጇ መርምራት "የእንግዴ ልጁ የማህፀንሽ በር ላይ ነው፤ ደም ያየሽ ቀን እዚህ እንዳትቆዪ፣ ትልቅ ሆስፒታል ግቢ" ብላታለች። ማቴዎስ ሐዋሳ ወርደሽ እኔ ዘንድ ተቀመጪ ብሎ ለመናት። እሷ ደግሞ የተማሪዎቼን ፈተና ሳላርም ንቅንቅ አልልም አለች። ግትርነቷ የእናቷ ነው።

ጊዜው ደግሞ ቤንዚን እንደ ጠበል በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ማቴዎስ ተሰልፎ ያገኘውን ለልጁ ቀን ብሎ ታንኩ ውስጥ አስቀመጠ፤ የሰርግ ሥራም ቀረበት። ነገር ግን መኪናዋ በዚያች ቀን አልነሳም ብትልስ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳው። ስለዚህ በየጠዋቱ ያስነሳታል፤ ካስነሳ ደግሞ እስክትሞቅ ይጠብቃል። ቴርሞስታት የሌላት መኪና ግን የት ትሞቃለች? መርፌዋ ከታች እንደተኛች፣ ለሄራን የተቀመጠው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ይወጣል። የፈራውን ነገር በገዛ እጁ እየጠራው እንደነበር ያወቀው ታንኩ ሲጎድል ነው።

ደንግጦ መጠጧን ሊያስቀንስ ወደ መካኒኩ ወደ ዮፍታሄ ጋራዥ ነዳት። ዮፍታሄ ከጣሪያዋ ላይ ዕቃ መጫኛውን ፖርቶመጋላ አወረደ፣ ጎማዎቿን በልኩ ነፋ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያዋን አራገፈ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ማቴዎስን አየው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ፍርፋሪ ነው። ዋናውን ያውቁታል።"

"እሱን ተወኝ።"

"ድስት ክዳን ከሌለው ስንት እንጨት ነው የሚፈጀው? ሞተርዎ ቀኑን ሙሉ በርዶት፣ ገና አሁን የተነሳ እየመሰለው ነው የሚጠጣው። አዲስ ቴርሞስታት ላስገባልዎት።"

"ብትጣበቅስ?"

"አዲስ ናት።"

"ያቺም አንድ ቀን አዲስ ነበረች።"

ዮፍታሄ ታሪኩን ያውቃል። ቀጥሎ የተናገረው በቀስታ ነው፤ "በያዙት ቤንዚን ሀገረ ሰላም ይወጣሉ፣ ጋሼ። መመለስዎን ግን እንጃ።"

ማቴዎስ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ገደል አፋፍ ላይ ቤንዚን አልቆባት ስትደማ ታየችው፤ ደግሞም ሞተሩ ፈልቶ ስትደማ ታየችው። ከሁለቱ የትኛውን ይምረጥ? በመጨረሻ "አስገባት" አለና ዮፍታሄ ሲሠራ ላለማየት ከጋራዡ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። "አባዬ፣ ደም አየሁ" አለችው ሄራን። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ማቴዎስ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ተነሳ።

ገና ከሐዋሳ ሳይወጣ የጌጁ መርፌ ከተኛችበት ተነሳች። ከዚያ መሀል ላይ መጥታ ቆመች። መሀል ልኳ እንደሆነ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን ሾፌር ነው። ዕውቀቱ ግን ለእጁ አልደረሰውም። ዳገቱን ሲጀምር ቆመ፣ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ትንሽ ነዳና ደግሞ ቆመ። የዚያን ጊዜ በመንገዱ ያለፈ ሰው፣ ደህና መኪና አቁሞ የሚጸልይ እብድ ሽማግሌ ሳይመስለው አልቀረም።

ሄራን ከቤቷ የቀርከሃ አጥር ደጃፍ ላይ ጋቢ ለብሳ ጠበቀችው። ፊቷ አመድ መስሏል። ጎረቤቷ እህተማርያም ደግፋ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛቻትና ራሷም ልትገባ እግሯን አነሳች።

"አንቺ ቅሪ፣ እህቴ" አላት ማቴዎስ። "ክብደት ቤንዚን ይበላል።"

እህተማርያም አፏን ይዛ ቀረች። ማቴዎስ በሩን ዘግቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ያለውን ቤንዚን ለማብቃቃት ነዳጁን በስሱ ይረግጣል፤ ዓይኑን ከጌጁ አልነቀለም። ከኋላው ሄራን አንዴ ታቃስታለች፣ አንዴ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከማቃሰቷ ይበልጥ ያስፈራዋል፤ ግን ዞሮ ማየትም ፈራ። አለታ ወንዶ ሳይደርሱ አንዲት አጭር ዳገት ላይ መርፌዋ ከመሀል ፈቀቅ ያለች መሰለው። ፀጉር ታህል ብትሆን ነው። ምናልባትም ዓይኑ ነው። መኪናዋን ዳር አስይዞ የበሩን እጀታ ያዘ።

"አባዬ፣ አትውረድ።"

"ውሃውን ልየው፣ ሄሪ። አሁን እመለሳለሁ።"

"ያኔም እንዲህ ብለህ ነበር የወረድከው።"

እጁ እጀታው ላይ ቀረ። ስለዚያ ቀን አባትና ልጅ አንድም ጊዜ አውርተው አያውቁም።

"እማዬ ስትጠራህ ነበር" አለች ሄራን፤ በየቃሉ መሀል ትንፋሽ እየወሰደች። "በሲዳምኛ ነበር የምትጠራህ። ማቴዎስ የት ሄደ ትለኛለች። ውሃ ሊቀዳ ነው እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች። እንደምትሞት እኮ አውቃ ነበር፣ አባዬ። መኪናው እንዲነሳ አልነበረም የፈለገችው። አንተን ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ኮፈኑ ስር ስታለቅስ አየሁህ። በምን አፌ ልንገርህ?"

ማቴዎስ ይህን ሁሉ ዘመን የፈራው ውሃ ሲፈላ ነበር። ሮማን የጠራችው ግን ከሱ ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ሆና ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቷት የሞተሩን ቱቦና ክዳን ሁሉ እየነካካ ነበር። ጎረቤቷንስ አሁን ምን ብሎ ነው የመለሳት? ልጁንም እንደ እናቷ ለብቻዋ ሊተዋት ነበር።

እጀታውን ለቀቀ። ግራ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀኙን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ሄራን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ በረዶ ነው። ነዳ። ጌጁን አላየም። ይልቅ አወራት፤ ስትወለድ ስለዘነበው ዝናብ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ቀን ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ጠፍታበት ሽማግሌዎች መሀል ተቀምጣ ስላገኛት፣ እናቷ ዜማ ስለማትችል ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ስለነበረው ነገር። መልስ ስታዘገይ ስሟን ይጠራል፤ እስክትመልስለት ደጋግሞ ይጠራል። አንዴ መልሷ በጣም ዘገየ፤ ያን ጊዜ እንደፈራው በሕይወቱ ፈርቶ አያውቅም። ቢሆንም አልቆመም።

ሐዋሳ ሆስፒታሉ ደጃፍ ሲደርሱ ነርሶቹ ሄራንን ባለጎማ አልጋ ላይ አደረጓት። እጇን አልለቀቀም፤ አልጋው ሲገፋ አብሮ ተራመደ። ሐኪሟ ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ደህና ሰዓት ላይ አመጧት፤ ኦፕራሲዮኑ እስኪዘጋጅ እዚሁ ይሁኑላት" አለችው።

ጥቂት ቆይቶ የበሩ ጥበቃ ከኋላው እያለከለከ መጣ። "አባት፣ መኪናዎ እኮ አልጠፋም፤ ሞተሩ እየሠራ ነው። በዚህ ጊዜ ቤንዚንዎ ያልቃል።"

ማቴዎስ ወደ ጥበቃው አልዞረም። ዓይኑ ሄራን ፊት ላይ ነበር።

"ይለቅ" አለ።