ያልተቀባችው ቮልስ

አዳማ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆማ የዛገችውን ቮልስ ከመስቀል እስከ ገና በብርጭቆ ወረቀት ስፈትጋት ከረምኩ። ወለሏ ወንፊት ስለሆነ ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ቆርጬ አስበየድኩላት። በዚያ በደርግ ዘመን የዝገት መከላከያ ቀለም ማግኘት ራሱ አሳር ነበር፤ እንደምንም ግን አገኘሁ።

እሁድ ጠዋት ብረቱ ጠርቶ አበራ። ብሩሼን ቀለሙ ውስጥ ልነክር ስል የቀበሌው ጥበቃ በሩን ደበደበ፤ ስብሰባ! መቅረት አይታሰብም። ያንን ብረት ራቁቱን ትቼ ሄድኩ፤ እጄን እያነሳሁ "ይውደም!" ስል ዋልኩ።

ማታ ስመለስ ብረቱ በቡናማ የዝገት ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። እናቴ መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጠበል ረጭታታለች።

"ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅልህ ብዬ ነው" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ጥርሴን ነክሼ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ። እጄን ለቀም አደረገችው።

"ጠበል ያረፈበትን ልትፍቅ? አብደሃል?"