ከደጃፉ በላይ የነበረው ወንዝ

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ የበረዶ ተራራ ያሳዩ ነበር። ተመራማሪዎች የጥንት ካርታቸውን ዛሬ በሳተላይት ከለኩት ከፍታ ጋር አስተያይተው፣ በረዶው ምን ያህል እንደቀለጠ አወቁ። የልጅ ልጄ «አይገርምም አባባ?» አለችኝ። አልገረመኝም፤ ደከመኝ እንጂ። እኛም ራያ ቆቦ ላይ ሠርተነዋል። የእኛው ግን ዝቅ ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው የጠበቀን።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ጀማሪ ቀያሽ፣ አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ደግሞ በጣልያን ጊዜ የተሠራ፣ እጥፋቱ የነተበ ካርታ ባለቤት። በግንቦት ሐሩር ከመኪናው መንገድ ወርደን የወንዙን ወለል ስንለካ ሰነበትን። የምናርፈው ሰይድ ከሚባል ገበሬ ቤት ነው። ባለቤቱ ዘይነባ የማሽላ ቂጣና አሬራ እያቀረበች ትቀልድብናለች።

«ኧረ በአላህ፣ ዕለት ዕለት የምትለኩት መሬት ያድጋል እንዴ?»

አድጎ ነበር። በካርታው ከማሳው በታች የሚፈሰው ወንዝ ከተራራ የወረደ አሸዋ ሞልቶት ከሰይድ ደጃፍ በላይ ሆኗል። ወንዙን የያዘው ገበሬው የከመረው የአፈር ግድብ ብቻ ነው።

ጋሽ ተፈራ ይህን ሲነግረው ሰይድ ዞሮ ቤቱን አየ።

«ጎርፉን ሸሽቼስ ጋሼ? እዚህ ዝናብ የለ። ማሽላዬ የሚጠጣው እሱን ነው።»

እውነቱን ነው። ራያ ላይ ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም። ተራራው ሲያጉረመርም አካፋውን ይዞ የደረሰ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ የዘገየ ጦሙን ያድራል።

«ቤትህን ብቻ እዚያች ጉብታ ላይ አውጣት፤ ማሳህ አጠገብህ ናት» አለው ጋሽ ተፈራ።

«ኢንሻአላህ፣ እንዲያ ከሆነ እሺ።»

እኛም ይህንኑ ጽፈን አስገባን። ጊዜው ግን የመንደር ምሥረታ ጊዜ ነበር። የወረዳው ካድሬ ወረቀታችንን ከፍ አድርጎ «ሳይንስ ተናግሯል» አለና መንደሩን በሙሉ የግማሽ ቀን መንገድ አርቆ አሰፈረው። ጋሽ ተፈራ ጉብታዋን እየጠቀሰ ተከራከረ፤ ሰሚ አላገኘም። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ክረምቱ ገባ። ጎርፉ ግድቡን ጥሶ ባዶዎቹን ቤቶች ዋጣቸው። ሰው አልሞተም። መሥሪያ ቤቱ አመሰገነን፤ እኔም ወጣት ነበርኩና ደስ አለኝ።

በበጋው ሰይድን ጎብዬ ገበያ አገኘሁት። ከስቷል። ማሽላ ሊሸጥ ሳይሆን ሊሸምት ነው የመጣው።

«እውነት ተናገሩ ይሏችኋል» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ግድቡ በየክረምቱ ይሸነቆራል፤ እንደፍነዋለን። ባለፈው ክረምት ማን ነበር እዚያ?»

አሁን አርጅቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ወንዙ ከቤቱ በላይ እንደነበር እምላለሁ፤ ለክቼዋለሁ። ግድቡን የጣሰው ከፍታው ይሁን የሰይድ አለመኖር ግን አላውቅም። ይህን ሰምታ የልጅ ልጄ «ታዲያ አልተሳሳታችሁማ!» ስትለኝ፣ የሰይድን ጥያቄ ደገምኩላት።